ሞክሼዬ ቲያጎ

ዛሬ ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። "የቲያጎ ወንድም ነህ?" አለችኝ አንዲት ሴትዮ። ዘጋሁባት። እዚህ አገር የማታውቀው ሰው የሚደውልልህ ወይ ሊሸጥልህ ወይ ሊበላህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ደግማ ደወለች። ታኮማ ካለ ሆስፒታል ነው፣ ልቡ ነው፣ አርፏል አለች። አላመንኳትም። ትላንት ከሰዓት እኮ አውርተናል፣ ሳቁ ጆሮዬ ላይ ነው። የሆስፒታሉን ቁጥር ራሴ ፈልጌ ኮል አደረግኩ። ያችው ሴትዮ አነሳች።

ለማታውቁት፣ ቲያጎ የአንጎላ ልጅ ነው። ሁለታችንም ከታኮማ ወደብ ኮንቴይነር በትራክ እናመላልሳለን። የተገናኘነው ወደቡ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ ነው። ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ አነበበና "ያዕቆብ? እኔም ያዕቆብ ነኝ" አለኝ። የሱ ባጅ ቲያጎ ይላል። ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው አልኩ በሆዴ።

አስረዳኝ። በነሱ ፖርቱጋልኛ ያዕቆብ ድሮ "ያጎ" ይባል ነበር። ቅዱስ ሲጨመርበት "ሳንት ያጎ"፤ ሰው እያጣደፈ ሲጠራው "ሳንቲያጎ" ሆነ። በኋላ ስሙን ሲያሳጥሩት "ቲ" ከቅዱሱ ተነጥላ ቲያጎ ላይ ቀረች። ነገሩ ሲገጥምልኝ ጊዜ ይባስ ጠረጠርኩ። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው አንድ የፈለገው ነገር አያጣም።

ሶ፣ የነፍስ አባቴን ጠየቅኩ። "እውነቱን ነው ልጄ" አሉኝ። "ያዕቆብ ማለት ተረከዝ ያዥ ነው፤ ሲወለድ የወንድሙን የኤሳውን ተረከዝ ይዞ ነውና። አሰናካይም ይሉታል።" እኔ ይቺን የመጨረሻዋን ያዝኩ።

ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሞክሼ እንደሚባባሉ አንድ ቀን ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ከኋላዬ ሲነዳ ይደውልና "ሞክሼ፣ ተረከዝህን ይዣለሁ" ይላል። እኔ ደግሞ መንገዴን ሊያጠና ነው፣ ደንበኛዬን ሊነጥቀኝ ነው እላለሁ።

አንዴ ተራራው ላይ፣ በዚያ በረዶ፣ እንዳይንሸራተት ጎማዬ ላይ ያሰርኩት ሰንሰለት ተበጠሰ። የኛ ልጆች ሳይቀሩ መብራት እያበሩልኝ አለፉ። እሱ ከኋላዬ ፓርክ አደረገ። በመስታወት ሳየው የለም። ጎማዬን ምን ሊያደርገው ነው ብዬ ብረት ይዤ ወረድኩ።

በረዶው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በባዶ እጁ ሰንሰለቱን ይጠመጥማል። ብረቱን አየና ሳቀ። "ተረከዝህን ይዣለሁ አላልኩህም?" አለኝ።

ቢሆንም ቁልቁለቱን ሳልጀምር ወርጄ ቼክ አደረግኩት። ደህና ነበር።

ዛሬም ካላየሁ አላምንም ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ሴትዮዋ "ሲያመጡት ወንድሜን ጥሩልኝ ብሎ ያንተን ቁጥር ሰጠን፤ ሌላ ሰው የለውም" አለችኝ። ለምን እኔን? ይሄን ሁሉ ዓመት በጎሪጥ የማየውን ሰው? እስካሁን እያሰብኩት ነው።

አንሶላው አጥሮት እግሩ ወጥቷል። ልሸፍነው ብዬ ተረከዙን ስይዘው ቀዝቅዟል። ያኔ አመንኩ። ሴትዮዋ ወንድሙ መሆኔን ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ለቅሶው ቢከን ሂል፣ እኔ ቤት ነው። ቲያጎን ባታውቁትም ኑ፣ የወንድሜ ለቅሶ ነው።

ሞክሼ፣ ዕድሜ ልክህን ከኋላዬ ነበርክ። ዛሬ ቀድመኸኝ ወጣህ። አትጠራጠር፣ ዘመድ አለህ፤ አፈር እስክትለብስ ከጎንህ አልነቃነቅም። በሰላም ሂድ ወንድሜ፣ ተረከዝህን ይዣለሁ።