አድኃሪው እንጨት

ነፋስ ስልክ በሚባል ሰፈር ያደገ ሰው ነፋስ ቢያምረው ምን ይገርማል? ሚስቴን ግን ይገርማት ነበር። «ሰው ሥጋ ያምረዋል፣ አንተ አየር ያምርሃል» ትለኛለች፤ ደግሞ እውነቷን ነው። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ለምሳ መመለሱ በማይታወቅበት፣ ቀይ ሽብር በተባለው በዚያ ዘመን፣ እኔ ጓሮዬ ውስጥ አውሮፕላን እሠራ ነበር። እብደት ነው። ግን ያ እብደት ባይኖር ምን ብዬ ከአልጋ እነሳ እንደነበር አላውቅም።

አውሮፕላን ስላችሁ ትልቁ አይምጣባችሁ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አጥንቷ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ክንፏ በአሚዶ የተወጠረ አቡጀዲ፣ እግሯ የጋሪ ጎማ ነበር። ሞተሯን ከተገለበጠ ቮልስ ፈትቼ ነው ያመጣሁት። የምሠራበት ፋብሪካ የጥገና ክፍል አለቃ የነበረ ጣሊያን አገር ለቆ ሲሄድ የተወልኝ ጥቂት ገጽ ስዕል ነበረኝ። ጽሑፉን አላነበውም፤ ስዕሉን ግን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ሐሳቤ አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፉሪ ሜዳ ተነስቼ መካኒሳን ከላይ አይቼ መውረድ ነበር። ልትሸሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠረጥረኝ ካለ፣ ነዳጇ ሰበታም አያደርስም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር ጓሮዬ ገባ። አለቀልኝ አልኩ። አውሮፕላኗን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ክንፏን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ለአብዮት በዓል ትደርሳለች?» አለኝ። ሠርቶ አደር በገዛ እጁ የሠራት አውሮፕላን፣ ቀይ ባንዲራ ለብሳ፣ ሞተሯ እየጮኸ በሰልፉ ፊት ስታልፍ ታይቶት ነበር። ትደርሳለች አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? የነዳጅ ኩፖን ጻፈልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውሮፕላኗ የእኔ መሆኗ ቀረ፤ ካልሠራች ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።

የቀረኝ ፊቷ ላይ እየተሽከረከረ የሚስባት ውልብልቢት ነበር። ብረት ቢሆን ራሴ በሠራሁት፤ እንጨት ስለሆነ ግን አናጢ ያስፈልገው ነበር። ከእኛ አጥር ሁለት ቤት አልፎ አንድ አናጢ ነበሩ፤ ስድሳ የደረሱ፣ ከወላይታ የመጡ፣ ጴንጤ። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ነበርና ከሚስታቸው ጋር ቤታቸው ውስጥ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ስብሰባ ላይ ግራ እጅ ወጥቶ መፈክር ሲባል ሃይማኖታቸው አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በግራ እጃቸው ጣውላ ወይም መሮ ይዘው ነበር የሚመጡት። «እጄ ሥራ ላይ ነው» ይሉ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ውልብልቢቱን ከዋንዛ ሠሩት። ስስ ጣውላ በጣውላ ላይ በኮላ አጣብቀው፣ ስዕሉን ግድግዳ ላይ ሰክተው፣ አንድ ወር ሙሉ በመላጊያና በሞረድ ጠረቡት። መሐሉን በሚስማር አንጠልጥለው አንዱ ጫፍ ቁልቁል ካለ ከዚያ በኩል ትንሽ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፤ ደግሞ ያንጠለጥሉታል። በመጨረሻ እንደ ሚዛን ቀጥ ብሎ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የእጅ ሥራ አላየሁም። በዚያው ወር ከአልጋና ከወንበር ይልቅ የሬሳ ሣጥን ነበር ሰው የሚያዛቸው፤ «ይቺን ስጠርብ እጄ ያርፋል» ይሉኝ ነበር።

ውልብልቢቱን ልንገጥም የመጡ ዕለት ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ በዚያኛው ጫፍ አልነበረም እንዴ የሚገጠመው?» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ስዕሉ ላይ በወዲያኛው ጫፍ ነበር። ያ ጫፍ ግን ቀጭን መሰለኝና ሞተሩን አዙሬ ቮላኖው፣ ማለት ከባዱ ክብ ብረት፣ በነበረበት በኩል አድርጌዋለሁ። እኔ ደግሞ ሰው ሥራዬ ውስጥ ሲገባ ደሜ ይፈላል፤ ከአባቴ የወረስኩት ብቸኛ ርስት ይሄ ነው።

«ጋሼ፣ እንጨቱ ለእርስዎ፣ ብረቱ ለእኔ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉና ብሎኑን ያዙልኝ።

የሙከራው ቀን እሑድ ነበር፤ ነሐሴ፣ ዝናቡ ገና ገለጥ ያለ ጊዜ። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ጨርሶ ሰዉን ሁሉ ከቤቴ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይዞ መጣ። የአውሮፕላኗን ጭራ በወፍራም ገመድ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አሰርኩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ወደ ፊት ትስባለች፣ ገመዱ ይወጠራል፣ ጉልበቷ ይታያል። ድንጋይም ከጎማዎቹ ፊት አደረግን። ከኋላ አላደረግንም፤ ወደ ኋላ ትሄዳለች ብሎ ማን ያስባል?

ውልብልቢቱን በእጄ አሽከረከርኩ። በሦስተኛው ተነሳ። ሰዉ «እሰይ!» አለ። ሮጬ ነዳጅ መስጫውን ሳብኩት። ያኔ አውሮፕላኗ ተንቀጠቀጠችና እየተንደረደረች ወደ ኋላ ሄደች። ገመዱ ረግቦ መሬት ላይ ወደቀ፣ ጭራዋ ግንዱን መትቶ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ሞተሩን እስካጠፋው ክንፉም ተቀደደ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም። የእሱን ፊት ሳይ ድንጋጤው፣ እፍረቱ፣ የሦስት ዓመት ልፋቴ አንድ ላይ አፌ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌው ክንፉን ይዘው እንደቆሙ ናቸው። ዞርኩባቸው።

«ወደ ኋላ የሚሄድ እንጨት ነው የሠራህልኝ? አንተ አድኃሪ!»

ከእርስዎ ወደ አንተ ወረድኩ፤ እሱም አነሰኝና ያቺን ቃል ጨመርኩበት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ያን ጊዜውኑ ታወቀኝ፤ ሳቁ በአንዴ ስለቆመ። አድኃሪ ማለት በቋንቋ ወደ ኋላ የሚጎትት ማለት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን የሚገደል ማለት ነበር። ሊቀመንበሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሁለቱ ጥበቃዎች ሽማግሌውን በግራና በቀኝ ያዟቸው። «ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ» አሏቸው። በግራ እጃቸው የያዙትን መፍቻ ሣሩ ላይ አስቀምጠው አብረው ሄዱ። ወደ እኔ አላዩም።

ሰኞ ጠዋት ሚስታቸው መጡ። አልቀመጥም አሉ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ አፍህ ነው የወሰደው፤ አፍህ ይመልሰው» አሉኝና ሄዱ። ሚስቴ አላየችኝም፤ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ስዕሉን ዘረጋሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሽማግሌውን ስህተት ፍለጋ ነበር የዘረጋሁት። የጠረባውን መስመር በጣቴ ተከተልኩ፤ ቅንጣት አልሳቱም። ከዚያ ሞተሩን አየሁ። አንድ ዘንግ ከአንዱ ጫፍ ሲያዩት ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ ከሌላው ጫፍ ሲያዩት ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ይህን ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። እንጨቱ ትክክል ነው፤ ሞተሩን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጠይቀውኝም ነበር።

ወዲያው ተነስቼ ወደ ቀበሌ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ፈራሁ። ማክሰኞ ፈራሁ፣ ረቡዕ ፈራሁ። ከሥራ ስመለስ በቀበሌው በር በኩል ላለማለፍ በመካኒሳ መንገድ እዞር ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የእኔ ሦስት ቀን ለእሳቸው ስንት እንደሆነ እያወቅሁ ነው የፈራሁት።

ሐሙስ ስዕሉን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ከሁለት ሰዎች ጋር ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንጨቷን ነው አድኃሪ ያልኩት» አልኩ። «ወደ ኋላ ስለሄደች ነው። ቀልድ ነው።»

«እንጨት አድኃሪ አይሆንም» አለኝ፣ እንደ አስተማሪ። «አድኃሪ የሚሆነው ሰው ነው። አውሮፕላኗ በሕዝብ ፊት ወደ ኋላ ሄዳለች። ወይ እንጨቱ ላይ ወይ ሞተሩ ላይ አሻጥር ተሠርቷል። እንጨቱን እሱ ይዟል፣ ሞተሩን አንተ። የቱ ነው?»

ስዕሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ብዘረጋው ሕፃን ልጅ እንኳ ይገባዋል። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያስል ሰማሁ፤ የማን ሳል እንደሆነ አወቅሁ። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብታ ወረቀቱን ያዘች፤ እዚያው ቀረች።

«እንጨቱ ነው» አልኩ። «ግን አሻጥር አይደለም ጓድ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሊቀመንበሩ ጻፈ፤ ከዚያ ውሳኔውን ነገረኝ። ሽማግሌው ነገ ይለቀቃሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው ለሠርቶ አደሩ ዕቃ መሥራት ስለሌለበት፣ አባል የሆኑበት የአናጢዎች ማኅበር ከሥራ ጠረጴዛቸው አንስቶ ጥራጊ እንዲጠርጉ ያደርጋል። ሞተሩ ለቀበሌው ወፍጮ ይሆናል። ውልብልቢቱን ደግሞ እኔው ራሴ ፈልጬ እሑድ ስብሰባ ላይ አቀርባለሁ። «አመሰግናለሁ ጓድ» አልኩ። አመሰግናለሁ! ያችን ቃል እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ እንደ ዝገት እቀምሳታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥረቢያውን ይዤ ወጣሁ። ከመፍለጤ በፊት ግን ሞተሩን ፈታሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አዞርኩት፣ ስዕሉ እንደሚለው በወዲያኛው ጫፍ ውልብልቢቱን ገጠምኩ፣ የታጠፈውን ጭራ ከግንዱ ጋር አሰርኩ፣ የቀረችውን አንድ ጣሳ ነዳጅ ጨመርኩ። በመጀመሪያው ተነሳ። ጎማዎቹ ድንጋዩን ገፉ፣ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ረገፈ። እኔን እንኳ ሊጥለኝ የደረሰ ነፋስ ነበር። ነዳጁ እስኪያልቅ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ውልብልቢቱን ፈትቼ፣ ጉቶ ላይ አጋድሜ ፈለጥኩት። በቀላሉ አልተፈለጠም።

እሑድ ፍልጡን በሕዝብ ፊት ጣልኩ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ።

በሩ ጋ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። የውስጥ እግራቸው አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሚስታቸው ከጎናቸው ሸሚዝ እየሰፉ ነበር። ክሩ አልቆባቸው መርፌውን ሲያነሱ ሽማግሌው ተቀበሏቸው፤ ክሩን በከንፈራቸው አርሰው፣ ብዙም ሳያዩት በአንድ ጊዜ አስገቡት።

«ዓይኔ ደክሟል አልክ አሉ» አሉኝ።

እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ይቅር ይበሉኝ ሳልል አልቀረሁም። ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«ማን አበላሸው እያሉ ነበር የሚጠይቁኝ» አሉ። «ሞተሩን አዙሮታል ብል አንተን ያመጡሃል፤ ሚስትህም እንዲህ ሆና። እኔ አበላሸሁት እንዳልል ውሸት ነው፣ መዋሸት አልችልም። ዝም አልኩ።»

እኔ በጠረጴዛው ፊት ቆሜ ስዋሽ እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ዝም እያሉ ነበር። ይህን ሳውቅ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሌላ የምሰጣቸው ነገር ስላልነበረኝ ያለኝን ነገርኳቸው።

«ትናንት አዞርኩት ጋሼ። ከመፍለጤ በፊት። ሳበ። ግንዱን ሊነቅለው ነበር።»

ክር ያስገቡባትን መርፌ በጣቶቻቸው መሐል አሽከረከሩ። ሚስታቸውም ከሸሚዙ ቀና አሉ።

«አልተንቀጠቀጠም?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ምንም።»

«ስትፈልጠውስ? በመጋጠሚያው ተላቀቀ?»

«አልተላቀቀም። እንጨቱ ራሱ ነው የተሰነጠቀው።»

«ኮላው ይዞ ነበራ» አሉ፤ መርፌውንም ለሚስታቸው ሰጧቸው።