በጀልባ ሰበብ ወደ ሳቫና

ቅዳሜ ዕለት ከአትላንታ ወደ ሳቫና የሄድኩት ከልጄ ጉዳይ ጥቂት ለማረፍ ነበር። ልጄን ቤዛን ዳዊት ለሚባል ወጣት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተው ሁለቴም መልሻቸዋለሁ። መጀመሪያ «ዘመድ እናጠያይቅ» አልኩ፤ ቀጥሎ «ጾሙ ይውጣ» አልኩ። ጾሙ ወጣ። ዳዊት ሳቫና ወደብ ላይ በክሬን ኦፕሬተርነት ይሠራል፤ ነውር አላገኘሁበትም። ባለቤቴ «ሦስተኛ እንቢ ካልክ ልጁ ተስፋ ይቆርጣል» ብላኛለች። ቤዛም እራት ላይ አንገቷን ደፍታ በልታ መነሳት ከጀመረች ሰነበተች።

አትላንታ አጠገብ ስማይርና የሚኖረው ጓደኛዬ ታደሰ ያገለገለች ጀልባ ገዝቷል። «ና፣ ከጓደኞቻችን ጋር ባሕር እንይ፤ አእምሮህን አሳርፍ» አለኝ።

«የልጅቷን ነገር እንዳታነሱብኝ።»

«መንገድ ላይ አንዲት ቃል ከአፋችን አይወጣም» ብሎ ማለልኝ።

መንገዱ

ሳይነጋ ተነሳን። ጀልባዋን ከታደሰ ፒክአፕ ኋላ አሰርናት። ከኋላ ወንበር ነጋዴው ጀማል ተቀመጠ፤ ከእሱ ጎን ከስቶን ማውንቴን የመጡት የሁላችንም ታላቅ ጋሽ መኮንን። ጋሽ መኮንን ኮትና ከረባት አድርገው ነበር።

«ጋሽ መኮንን፣ ለዓሣ ነው እንዴ የለበሱት?» አልኳቸው።

«ዓሣም ክብር አለው» አሉኝ።

ከሜከን ከተማ በኋላ መንገዱ እንደ ክር የተወጠረ ነው፤ ግራ ቀኙ ጥድ ብቻ። ጀማል «ይሄን መንገድ የቀየሰው ሰውዬ መኪና መሪ እንዳለው አልሰማም እንዴ?» እያለ አሳቀን። ቤንዚን ስንቀዳ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በአምስት ዶላር ገዛሁ፤ ትኩስ፣ ጨው የበዛበት። ኦቾሎኒ ይቆላል እንጂ አይቀቀልም ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። ሰው ያልቀመሰውን መናቅ የለበትም፤ ሁለተኛ ኩባያ ገዛሁ።

ውሃው ላይ

ረፋዱ ላይ ደረስን። ታደሰ ጀልባዋን ወደ ውሃው አወረደና ፒክአፑን ፓርክ አድርጎ መጣ። ጋሽ መኮንን መንሳፈፊያ ሰደርያውን ከኮታቸው በላይ አጠለቁ። በረግረጉ አረንጓዴ ሣር መካከል አልፈን ወደ ባሕሩ ዳር ስንወጣ ሁለት ዶልፊኖች ጀርባቸውን እያሳዩ አጀቡን። ጀማል እንደ ሕፃን አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከአንዲት ትንሽ የአሸዋ ደሴት ጀርባ ታደሰ መልሕቅ ጣለ። መልሕቅ ዝም ብሎ አይወረወርም። ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ገመዱ ከውሃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ይለቀቃል፤ ከዚያ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሳብና መያዙ ይረጋገጣል። ታደሰ ይህን ያለ አስተማሪ ነው የተማረው። እኔም የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት እንዲሁ ስለሆነ አከበርኩት።

ድፎ ዳቦና የጀማልን ሳምቡሳ በልተን፣ ጋደም ልል ስል ሦስቱም ተነስተው እጃቸውን አጣምረው ፊቴ ተሰለፉ።

«ምን ሆናችሁ? ተቀመጡ እንጂ፣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ልጅህን ቤዛን ለልጃችን ለዳዊት እንድትሰጠን መጥተናል።»

የኮቱ ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ታደሰ ዞርኩ። «ምለህልኝ አልነበረም?»

«መንገድ ላይ ነው ያልኩህ። ይሄ መንገድ ነው?»

«እንግዲህ ሌላ ቀን ቀጠሮ...» አልኩ።

«በየት በኩል ልትሸኘን ነው፣ ወርቁ?» አለ ጀማል። «በር የለም።»

በዚህ መሐል ሽሪምፕ የሚያጠምድ አንድ ትልቅ ጀልባ አልፎ ማዕበሉ መታን። ጋሽ መኮንን ሲንገዳገዱ ወገባቸውን ያዝኩ።

«በእግዚአብሔር ይቀመጡ!»

«መልስህን» አሉኝ፤ አልተቀመጡም።

እኚህን ሽማግሌ አቅፌ ይዤ መዋሸት አቃተኝ። «ልጁ ላይ እንከን አላገኘሁም» አልኩ። «ዘመድ ማጠያየቁም፣ ጾሙም ሰበብ ነበር። ሩቅ ነው የሚወስዳት። ማታ መኪናዋን ስታቆም ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም...» አልጨረስኩትም።

ጀማል ሳቁን ተወ። «ጠዋት ከቤትህ ወጣህ፤ ዛሬውኑ ቤትህ ገብተህ እራትህን ትበላለህ። ሩቅ ያልከው ይሄ ነው። ያመጣንህ በዓይንህ እንድታየው ነው።»

«ተቀመጡ» አልኩ። «ሰጥቻለሁ።»

ጀማል ከአንድ ወንድ በማይጠበቅ ድምፅ እልል አለ። ማዶ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የቆርቆሮ ቢራቸውን ከፍ አድርገው መለሱልን። ጋሽ መኮንን መርቀውኝ ሲያበቁ ከረባታቸውን ፈትተው እግራቸውን ዘረጉ።

መመለስ

ማዕበሉ ሳይበረታ መልሕቅ ነቅለን ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ እነሱ ድግስ ሲያወሩ እኔ የጥዱን ዛፍ እያየሁ አሰብኩ። ወግ መልካም ነው፤ ሰው እንዳይቸኩል ያደርጋል። አባት ግን ፍርሃቱን ከወግ ኋላ ከሸሸገ ልጁ የምታየው ጭካኔውን ብቻ ነው። እኔ እንደዚያ ታይቻለሁ፤ ልጄም ብታኮርፈኝ ትክክል ነበረች።

ቤዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ምክር ብዙ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «መኪናሽን ሰርቪስ አስደርጊ። ከሜከን በኋላ ያለው መንገድ እንቅልፍ ያመጣል።»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ አንተስ መቼ ትመጣለህ?»

«በየወሩ።»

«በየሳምንቱ እየሄደ ሊያስቸግራችሁ ነው» አለች እናቷ ከውስጥ።

አላስተባበልኩም።