አጎቴና ያልተመዘገበው መድኃኒት

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ነበሩ። ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልሠራ ብሎ በአገራችን ያልተመዘገበ ማዘዝ ግድ ሲሆንባቸው፣ ወንበራቸውን ይዘው ከጠረጴዛው ማዶ ይመጡና ከታማሚው አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

«ይህ መድኃኒት አልተመዘገበም። ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የማላውቀው ጉዳትም ይኖረው ይሆናል። አንድ ነገር ቢመጣ መድኃኒት ቤቱን አትውቀሱ። ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ቤቴ ድረስ ኑ።»

እኔም ሐኪም ነኝና «ኧረ ሰው ተሰልፏል» እያልሁ እነጫነጭ ነበር። «ይጠብቅ» ነበር መልሳቸው።

አጎቴ ሞተው አርባቸው በወጣ ማግስት አንዲት እናት የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጃቸውን ይዘው ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ መጡ። አጎቴ ያዘዙላት መድኃኒት አልቆባታል፤ ካቋረጠችው ይጥላታል። እሳቸው ክፍል ውስጥ የተተካሁት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር። ከጠረጴዛዬ ሳልነሣ መድኃኒቱ አለመመዝገቡን፣ ሊያመጣ የሚችለውንም ጉዳት ነግሬ ማዘዣውን ሰጠኋቸው። ሴትዮዋ ግን አልተነሡም።

«ምነው እናቴ፣ ያልገባዎት አለ?»

«ኧረ ገብቶኛል ልጄ። እሳቸው መጨረሻ ላይ የሚሏትን እየጠበቅሁ ነው።»

ወንበሬን ይዤ ዞርሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

አጎቴ መሞታቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።