ከምስሉ ግርጌ የተቆረጠው

ቤት ውስጥ «ኢንስፔክተር» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ እንደሆነ ለሰው ስም ከማውጣት በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ግን እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የነገሯትን እንደነገሯት የምትቀበል ፍጥረት አልነበረችም። «እማዬ ገበያ ሄዳለች» ቢሏት የገበያው ቦርሳ ቦታው ላይ መኖር አለመኖሩን ሄዳ ታያለች። የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄዳ የመድኃኒቱን ካርቶን አገላብጣ አንብባ የተመለሰች ናት። ስታድግ ይተዋት ይሆናል ተብሎ ነበር። ጭራሽ ሚዲያ ትምህርት ቤት ገባችና ጥርጣሬዋን በዲግሪ ልታስመርቀው ተነሳች!

የመመረቂያ ሥራዋ ቪዲዮ አርት ነው። ቪዲዮ አርት ምን እንደሆነ ወንድሟ በጠየቃት ቁጥር መልሷ ስለሚለያይ «አንቺም አታውቂውማ!» እያለ ያበሽቃታል። ነገሩ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቤታቸው ውስጥ በዲስክ ያለ አንድ የቆየ ፊልም አለ። እናቷ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሕፃኗ ነጭ ኮፍያ አድርጋ ወደ ካሜራው ታያለች። ሕፃኗ ኢንስፔክተሯ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዲስኩን እየከፈተች «ይቺ እኔ ነኝ፣ እዩዋት እንዴት ታምራለች!» እያለች ስታስቸግር ነው ያደገችው። እንግዲህ ያንኑ ምስል በሦስት ስክሪን ልታሳየው ነው፤ አንዱ እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ጠበብ ያለ፣ አንዱ እንደ ዛሬው ሰፊ፣ አንዱ እንደ ስልክ ቀጭንና ረጅም። የፊልሙ ቅርጽ በተለወጠ ቁጥር ከሚታየው ሰው ላይ ምን ይጎድላል? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

መምህሯ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መልሶ የሚፈልግ ሰውዬ፣ ሐሳቡን ወደደላት። «ግን ዲስኩ እኮ ቅጂ ነው» አላት። «መጀመሪያ የተቀረጸው በካሴት ነው አላልሽኝም? ካሴቱን አምጪ። ዋናውን ሳታዪ ስለ ለውጥ ምን ታወሪያለሽ?»

ቤት ሄዳ እናቷን ጠየቀች። እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እሱማ ተጥሏል» አለች፣ ቀና ሳትል። «ቤት ስንቀይር ነው የተጣለው። ምን ያደርግልሻል፣ በዲስክ አለልሽ አይደል?»

ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ኢንስፔክተሯ ግን ያቺን ቀና አለማለት ይዛ ዞረች። ደግሞስ እናቷ መቼ ነው ዕቃ የምትጥለው? የተሰበረ የጃንጥላ እጀታ ሳይቀር «ይጠቅማል» ብላ የምታስቀምጥ ሴት ካሴት ትጥላለች? የማይመስል ነገር ነው።

ሰንበት ብላ፣ ለስክሪን የሚሆን ነጭ አንሶላ ስትፈልግ የእናቷን ቁምሣጥን ከፈተች። የፈለግኩት አንሶላ ብቻ ነው ብላ ትምላለች፤ እኔ ግን አላምናትም። ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ የሕፃን መጠቅለያ አገኘች። ስትዳብሰው ውስጡ ደረቅ ነገር አለ። ስትገልጠው ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ነው።

ተጥሏል የተባለ ዕቃ እንዲህ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነው የሚጣለው? ካሴቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መጠቅለያውን ባዶውን እንደነበረ አጣጥፋ መለሰችው። አንሶላውን ጭራሽ ረስታው ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ አንድ የካሴት ማጫወቻ አለ፤ ድምፁ ሞቷል፣ ምስሉ ግን ደህና ነው። ካሴቱን አጎረሰችው። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ተዛባ፣ ከዚያ ረጋ። እናቷ አለች፣ ወንበሩ አለ፣ ሕፃኗ አለች። ግን በዲስኩ ላይ ያልነበረ ነገርም አለ። በዲስኩ ላይ እናቷ ከጉልበቷ በላይ ብቻ ነበር የምትታየው፤ እዚህ እስከ እግር ጣቷ አለች። ከእግሯ ሥር ደግሞ አንድ ሚጢጢ ወንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ መኪና ይገፋል። ወንድሟ ነው! ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ ዘመን እሱም አብሮ ነበር? ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች።

ሳትጨርሰው ሳቋ ቀጥ አለ። ከምስሉ ግርጌ፣ በቀኝ ጥግ፣ ካሜራው ራሱ የጻፈው ቀን አለ። ዓመቱ እሷ ከመወለዷ በፊት የነበረ ዓመት ነው።

አቆመችው። ወደ ኋላ መለሰችውና እንደገና አየችው። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ቁጥሩ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የያዘችው ወንድሟን ነው። እንደ ዋዛ አድርጋ «የድሮ ካሜራ ቀን ይሳሳታል እንዴ?» አለችው።

«ሁልጊዜ! ባትሪው ባለቀ ቁጥር ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ማን ቁጭ ብሎ ያስተካክለዋል?»

እፎይ ልትል ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ወንድሟ አስከትሎ «የቱን ካሴት አይተሽ ነው?» አለ። እሷ ስለ ካሴት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«ማን ስለ ካሴት አወራ?»

«እ… ካሜራ ስትዪ ነዋ» አለና፣ ያልጠራ ስልኩን አንስቶ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ወጣ። ውሸት እንኳ አያውቅበትም፣ ልክ እንደኔ።

ከዚያ በኋላማ ቤቱን ሲኦል አደረገችው። መስታወት ፊት ቆማ ጆሮዋን ከእናቷ ፎቶ ጋር ታስተያያለች። እናቷ ምግብ ስታቀርብላት «ለምንድነው ለእኔ ያበዛሽልኝ?» ትላለች። «ጥጋብ ነው!» ትላለች እናቷም ሰሃኑን መልሳ እየሳበች። ሲሰጧት፣ ሲከለክሏት፣ ሲስቁ፣ ዝም ሲሉ፣ ለእሷ ሁሉም ነገር የሚስጥር ጠረን አለው። ማደጎ ነኝ ብላ አሰበች። የሞተ ዘመድ ልጅ ነኝ ብላም አሰበች። ላይ ላዩን ስታዩት ያስቃል፣ እሷን ግን ውስጧን እየበላት ነበር። ያቺ ሕፃን እሷ ካልሆነች ማን ናት? እሷስ የማን ናት? ሥራዋም ራሷም የቆሙት በዚያች ነጭ ኮፍያ ላይ ነው፤ የትርዒቱም ቀን እየቀረበ ነው።

በዲስኩ ሽፋን ላይ ካሴቱን ወደ ዲስክ የቀየረው ሱቅ ስም ተለጥፏል። ሄደች። ባለሱቁ ዛሬ ዛሬ የስልክ መሸፈኛ ነው የሚሸጠው፤ ካሴት ወደ ዲስክ መቀየሩን ግን አልተወውም፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ማጫወቻዎቹ አሉ።

«ይሄን ፊልም ለምንድነው የቆረጡት?» አለችው፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳታሟላ።

«ሰፊ ቲቪ ሲመጣ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ የሚቀረውን ጥቁር ቦታ ጠላው፣ የኔ እህት። ስክሪናቸውን የሰረቅኳቸው ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ ጎትቼ እሞላዋለሁ፤ ታዲያ ከላይና ከታች ትንሽ ይሄዳል። የሁሉንም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«ከላይ ግን ምንም አልሄደም። መጋረጃው እስከ ዘንጉ አለ። የሄደው ከታች ብቻ ነው።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ካሴቱን ተቀብሎ ማጫወቻው ውስጥ ከተተውና ምስሉ ሲወጣ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ቆይ ቆይ፣ ይሄንን አልረሳውም። እናትየው ናት ይዛው የመጣችው፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ። ላይኛውን ተወው፣ ከታች ቁረጥልኝ፣ ቁጥሩ እንዳይታይ አለችኝ። ድምፁንም አጥፋልኝ አለች። ለሌላው ሰው ሙዚቃ የምጭነው በምርቃት ነው፤ ለሷ ግን አዝኜላት ነው የጫንኩት። ሰው እንዴት የገዛ ልጁን ድምፅ ያስጠፋል ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጥርጣሬ እንደሆነ ለምዳዋለች፤ ጥርጣሬዋ እውነት ሆኖ ሲመጣ ግን ምን እንደሚደረግ አታውቅም። «ድምፁን ይክፈቱልኝ» አለች።

ከፈተላት። መጀመሪያ የመኪናው ድምፅ መጣ፣ ወንድሟ በአፉ «እንእንእን» ሲል። ቀጥሎ ከካሜራው ጀርባ አባቷ ተናገረ። አባቷን ከቀበሩት ቆይቷል፤ ድምፁን እንዲህ በድንገት ስትሰማው ዓይኗ ሞላ። አባቷ ሕፃኗን በስሟ ጠራት። ስሙ የኢንስፔክተሯ አይደለም፤ እሷ በሕይወቷ እዚያ ቤት ውስጥ ሲጠራ ሰምታው አታውቅም። «እስቲ ወደዚህ እዪ!» አለ አባቷ። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት በናታችሁ! ዛሬ እኮ አንዴም አላለቀሰችም!» እናቷ ትስቃለች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ ባለሱቁ ሕፃኗን እያሳየ።

«አዎ» አለችው። ለምን እንደዋሸች ራሷም አታውቀውም።

መንገዱን ሁሉ ጥያቄዎቿን በቅደም ተከተል ስታሰልፍ መጣች። ሳሎን ስትገባ እናቷ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ኢንስፔክተሯ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ያሰለፈችው ጥያቄ ሁሉ ተበተነና ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ?»

እናቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ካሴቱን አየች፣ ልጇን አየች።

«አንቺማ የኔ ነሽ» አለች። «አምጬ ነው የወለድኩሽ፣ ምጥሽም እንደ አንቺው ጭቅጭቅ ነበር።» ልትቀልድ ሞክራ ድምጿ ተሰበረ። «እሷ ናት… እሷ እህትሽ ናት። ከወንድምሽ ቀጥላ፣ ካንቺ በፊት።»

ኢንስፔክተሯ ቁጭ አለች።

«ካሜራው አዲስ ነበር። አባትሽ ደስ ብሎታል፣ እኔም ጸጉሬን ተሠርቼ ተቀምጫለሁ። ልጅቱ ዝም ብላ ዋለች። እኛ ጨዋ ሆነችልን ብለን፣ ወዲህ ዙሪ ወዲያ ዙሪ እያልን እንቀርጻታለን። ለካ ታማ ነው! ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥታ ነው ዝም ያለችው። ልብሷን ልቀይር ብዬ ገላዋን ስነካው እሳት ነው። ሐኪም ቤት ይዘን በረርን፣ አልተረፈችልኝም።» እናቷ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ልጅቱ ባለሱቁ የነገራትን አንስታ «ቁጥሩን ለምን አስቆረጥሽ? የልጅሽን ድምፅስ?» አለች። «ቁጥሩን ያስቆረጥኩት ያቺን ቀን ዳግም እንዳላያት ነው። ድምፁን ካልሽ፣ የልጄን ድምፅ አይደለም ያስጠፋሁት። የራሴን ሳቅ ነው። ልጄ እየሞተች እኔ ስስቅ እንዴት ልስማ?»

«ታዲያ ለምን አንቺ ነሽ አልሽኝ?»

«እኔ መቼ አልኩ? ዲስኩን ብቻዬን ሳይ ድክ ድክ እያልሽ መጥተሽ ጭኔ ላይ ወጣሽና "እኔ ነኝ?" አልሽ። ምን ልበልሽ? ሞታለች ልበል ያን ለሚያክል ልጅ? አዎ አልኩ። ወንድምሽንም አፍህን ያዝ አልኩት። ከዚያ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

ልጅቱ ተናዳለች፣ አፍራለች፣ አዝናለች፤ የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። «እና እኔ የትም የለሁም?» አለች። «አንድም ፊልም የለኝም?»

«የለሽም» አለች እናቷ። «አንቺ ስትወለጂ አባትሽ ካሜራውን ሊያነሳ ሲል እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። በዚያ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ልጁን አያይም አልኩት። አንቺን ያሳደግኩሽ በዓይኔ ነው። ስትተኚ ጣቴን አፍንጫሽ ሥር አድርጌ ትንፋሽሽን እሰማ ነበር። ትንሽ ከቆየ ቀስቅሼ አስለቅስሻለሁ። ስታለቅሺ ነበር እኔ የማርፈው።»

ልጅቱ ተነስታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ትከሻዋ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። «ይቅርታ እማዬ» አለች። «ሥራውን እተወዋለሁ። ለመምህሩ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ።»

«ለምን ሲባል?» እናቷ ቆጣ አለች። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን ልጅ "እዩዋት እንዴት ታምራለች" ስትዪ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። በሐዘን ብቻ ይመስልሻል? ልጄን ከኔ ሌላ የሚያቆላምጣት ሰው ስላገኘች ነው። እኛ ስሟን እንኳ መጥራት አቅቶን ነው የኖርነው። አሳዪያት። ግን በስሟ ጥሪያት።»

ኢንስፔክተሯ ከባለሱቁ ማጫወቻ የሰማችውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አፍ ጠራችው፣ ዝግ ብላ፣ አባቷ እንደጠራው አድርጋ።

«አቤት» አለች እናቷ፣ በሕፃኗ ፋንታ።