የሚያፏጭ ቀለህ

በቀደም ዓይኔን ልታይ ወደ አዲስ አበባ ስነሣ፣ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ቁልፌ አስያዘኝ። ጥፋቱ የቁልፉ ሳይሆን አብሮት የታሰረው ነገር ነው። ፈታሿ ወጣት የአኙዋ ልጅ ናት፤ አንጠልጥላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

“አባባ፣ ይሄ ጥይት ነው?”

“ጥይት አይደለም ልጄ፣ ቀለህ ነው። ባዶ ነው።”

“ባዶም ቢሆን አያልፍም” አለችና ወደ አለቃዋ ይዛው ሄደች። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት ሐሳቤ ከብዙ ዓመት በፊት ወደኖርኩበት ወደ አቦቦ መንገድ ሄደ።

ያን ጊዜ ከደጋ የመጣሁ፣ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ወጣት ድሬሰር ነበርኩ። የምሠራባት ክሊኒክ በቆርቆሮ የተከደነች አንድ ክፍል ስትሆን፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ከከተማ መኪና የሚባል አይመጣም። የወባ ክኒን፣ የማንጎ ዛፍ፣ የበቆሎ ገንፎና ዓሣ፤ ኑሮዬ ይኸው ነበር። ደግነቱ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። እናቴ “ይህ ልጅ አፉን የፈታው ‘ለምን’ ብሎ ነው” ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ጎረቤቴ ጋሽ ኦባንግ አዳኝ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ትከሻው ሁሉ የሚስቅ ሰው። አንቱ ስለው “አንድ ሰው ነኝ፣ አንተ በለኝ” ብሎ አስተወኝ። በመንደሩ ያለው አንድ ጠመንጃ የሱ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጉደኛ ጠመንጃ ነው። በወጣትነቱ አንድ ፈረንጅ አዳኝ ጫካ ለጫካ ሲመራ ኖሮ፣ ፈረንጁ ሲሄድ ለሱ ትቶለታል። ሰውየው የጥይት ቤቱን ራሱ ፍቆ ስላሰፋው የትኛውም ፋብሪካ የሠራው ጥይት አይገባበትም። ቀለሁ የሚሠራው የሌላ ትልቅ ጠመንጃ ቀለህ አንገቱ በብረት ማጥበቂያ እየተጨመቀ ነው። ተተኩሶ ሲሰፋ እንደገና ይጨመቃል፣ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላል። ነሐስ ደግሞ ደጋግመው ሲጨምቁት ይደርቃል፤ ይደርቅና አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ያ ቀን የመጣው በቆሎው ሲያሽት ነው። ጋሽ ኦባንግ ጎሽ ላይ ተኮሰ፤ የቀለሁ አንገት ተሰንጥቆ ኖሮ ጥይቱ አቅም አጣ፣ ጎሹም ቆስሎ ሣር ውስጥ ገባ። የገባው ደግሞ ሴቶቹ ወደ በቆሎው የሚሄዱበት መንገድ ዳር ነው። የቆሰለ ጎሽ የሚያደርገውን የማያውቅ ስለሌለ መንገዱ ተዘጋ። በቆሎውን ዝንጀሮ ይበላው ጀመር። በዚያ አገር አዳኞች ዘንድ ደግሞ ያቆሰለ ነው የሚጨርሰው፤ ጦር ይዘው አብረውት ሊገቡ የፈለጉትን ሁሉ መለሳቸው።

“ቀለሁ እንደገና ቢሰነጠቅስ?” አልኩት።

“ጎሹ ይጨርሰኛል” አለኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

የቀሩት ቀለሆች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም፤ ሁሉም ደርቀዋል። ነሐሱን እሳት እንደሚያለሰልሰው ያውቃል። ስለዚህ ወደ አጎቱ ልጅ ወደ ኦሞድ፣ ወደ ጦር ሠሪው ወሰዳቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ኦሞድ ሁለቱን ልክ እንደ ጦር ጫፍ ከነመቀመጫቸው ፍም ውስጥ ቀበራቸው። ሲቀሉ አወጣና ውሃ እንዳይነካቸው ተጠንቅቆ አመድ ላይ አስቀመጠ። ብረት ውሃ ሲነካው ይጠነክራላ፤ ነሐስም እንደዚያው መስሎታል። ሲበርዱ ጋሽ ኦባንግ አንዱን መቀመጫው ላይ በጥርሱ ነከስ ቢያደርገው ጎደጎደ።

“ይሄ ጠመንጃው ውስጥ ይፈነዳል” አለና ሁለቱንም ወረወራቸው።

እኔ አላስችለኝ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? “ለምን? መለስለስ አይደል የተፈለገው?” ብዬ ጠየቅኩት።

“አንገቱ ይለስልስ። ቂጡ መጠንከር አለበት።”

“ታዲያ ፈረንጁ አንገቱን ብቻ እንዴት ያሞቀው ነበር?”

“ሳህን ውስጥ ውሃ አድርጎ ያቆማቸው ነበር። ሻይ ሊያፈላ መስሎኝ ምንም አልጠየቅኩትም።”

ተያየን። ከዚያ ትከሻው መሳቅ ጀመረ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ኦሞድም ሳይገባው ሳቀ።

ክሊኒክ ገብተን መስኮቱን ዘጋን፤ በብርሃን የነሐሱ መልክ መለወጡ አይታይም። መርፌ የምቀቅልበትን ሳህን ውሃ ሞላሁና ቀለሆቹን አቆምናቸው፤ አንገታቸው ብቻ ከውሃው ወጣ፤ ቂጣቸውን ውሃው ከእሳቱ ይጠብቀዋል። የአልኮል መብራቴን ነበልባል ወደ አንዱ አንገት አስጠጋሁ። ነሐሱ መጀመሪያ ወየበ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ነገር ዞረበት፣ ከዚያ ጥቂት ቀላ። ጋሽ ኦባንግ “በቃ” ሲለኝ በመቆንጠጫ ገፍቼ ውሃው ውስጥ ጣልኩት። ቸስ አለ። ኦሞድ አሁን ደርቆ ተበላሸ ብሎ ፊቱን አዞረ። ማጥበቂያው ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ሰም እሺ አለ።

ጋሽ ኦባንግ አፉን የቀለሁ አንገት ላይ አድርጎ ነፋበት። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ፉጨት ወጣ። ቀድሞ የተሰነጠቀውንም አንሥቶ ነፋ፤ ያ ጉሮሮው እንደታመመ ሰው ሽሽ ብቻ አለ። የስንጥቅ መመርመሪያው ይኸው ነበር። እኔ በማዳመጫዬ ሳንባ ስሰማ ከምደሰተው በላይ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ኦባንግ ሣሩ ውስጥ ገባ። እኔ የአንዲት እናት ቁስል እያጠብኩ ነበር። አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ሁለተኛ የለም። እሳቱን የያዘው የኔ እጅ ነው፤ ነበልባሉን ወደ ቂጡ ትንሽ ዝቅ አድርጌው ቢሆንስ? ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ፋሻው ከእጄ ሲወድቅ ሴትዮዋ አንሥታ ሰጠችኝ፤ እሷም የምትሰማው ወደዚያው ነው።

ቆይቶ ቆይቶ ከሣሩ በኩል ፉጨት መጣ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ።

የተኮሰበትን ቀለህ እየነፋ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። “ጤነኛ ነው፣ ሐኪም” አለኝ። ማታ ሴቶቹ የእሸት በቆሎ ጠብሰው ላኩልኝ።

ጋሽ ኦባንግ ዕድሜ ጠግቦ፣ በገዛ አልጋው ላይ ካረፈ ቆይቷል።

ፈታሿ ልጅ ከአለቃዋ ዘንድ ተመለሰች። አለቃዋ አይሆንም ብሏል፤ ስመለስ ልታስረክበኝ ቃል ገባች። አልተከራከርኩም፤ ብቻ “ንፊበት” አልኳት። ግራና ቀኝ አየችና ነፋች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

“ለምንድን ነው እንዲህ የሚያፏጨው?” አለችኝ። ያ የኔ የድሮ ቃል ከሷ አፍ ሲወጣ ደስ አለኝ።

“ስመለስ እነግርሻለሁ፤ ረጅም ነው” አልኳት።

ወደ አውሮፕላኑ ስሄድ ከኋላዬ እንደገና ነፋችው። ከሜዳው ወዲያ ያለው ሣር በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ከውስጡ የሚወጣ ሰው ያለ ይመስል ቆሜ ጠበቅኩ፤ አስተናጋጇ “አባባ፣ ይግቡ እንጂ” እስክትለኝ ድረስ።