ለእጄ የሚሆን መሮ

ባለፈው ሰኞ ሜክሲኮ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለ አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ገባሁ። የእህቴ ልጅ ለከፈተችው ክሊኒክ የበር ሰሌዳ ላሠራላት ነበር። ወጣቱ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና "ማዘር፣ ፎንት ይምረጡ" አለኝ። መረጥኩ። ማሽኑ ትንሽ ጨሰ፤ ከጎረቤት ያስመጣሁት ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ሰሌዳው አለቀ። አንድም ጉድለት አልነበረውም። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። በወጣትነቴ አንዲት ሰሌዳ ሳምንት ሙሉ በላብ አጥምቃኛለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አብነት ሰፈር፣ ጋሽ ሳህሌ የሚባሉ ሰው ብረት ላይ ጽሑፍ የሚቀርጹበት ቤት ነበራቸው። እጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው ብለው ቀጠሩኝ። እኔ ፊደሉን በእርሳስ እነድፋለሁ፣ እሳቸው ይቀርጻሉ። መስቀል ሲደርስ ግን ጋሽ ሳህሌን አዲስ አበባ የሚያቆያቸው ኃይል አልነበረም፤ ጉራጌ አገር ክትፎው ይጠብቃቸዋል። መሮዎቻቸውንም በቆዳ ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ። "መሮና የጥርስ መፋቂያ አይዋሱም" ይሉ ነበር።

በሄዱ ማግስት ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ መጣች። የሰፈራችንን ግማሽ ያዋለዱት ሲስተር አስካለ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ሽኝቱ ቅዳሜ ነው፤ የመታሰቢያ ሰሌዳ ይሠራልን አለች። "ባለቤቱ የሉም" ማለት ነበረብኝ። "ይደርሳል" አልኩ! ባይደርስ ሲስተር ባዶ እጃቸውን ሊሸኙ፣ እኔም እንጀራዬን ላጣ ነው። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ዛሬም አላውቅም።

መርካቶ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ በየመንገዱ ዳር የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። ሸምሱ ከሚባል ነጋዴ ዘንድ ከሁሉ የሚያበራውን ነጭ የማይዝግ ብረት መረጥኩ። እንደ መስታወት ነበር፤ እንዲያውም ፀጉሬን አስተካከልኩበት። መሮም የጋሽ ሳህሌን የሚመስል ረጅሙን አነሳሁ። በአሮጌ የአሉሚኒየም ክዳን ላይ ሞከርኩት፤ ቅቤ ላይ እንደሚገባ ቢላዋ ገባ።

"በሌላም ብረት ሞክሪው እንጂ" አለኝ ሸምሱ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። መሮው ብረቱ ላይ ተንሸራቶ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ደግሜ ስመታው ጫፉ ታጠፈ። እስከ ማምሻው ድረስ ያገኘሁት የአንድ ፊደል አንድ እግር ብቻ ነው። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም በቆሎ በላሁ፤ ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመስኩም ነበርና።

ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። ሸምሱ ጣቴን አየና፣ "ምን ሆንሽ እህቴ?" አለኝ።

"ብረቱ እምቢ አለኝ።"

"እምቢ የሚል ብረት ምን ያደርግልሻል? አንቺ የፈለግሽው መስታወት ነው እንዴ?"

ብረቱን መልሶ ወሰደና አንድ የጠቆረ፣ ዓይን የማይስብ ነሐስ አወጣልኝ። ጥጉን በሚስማር ሲጭረው ቀጭን ቢጫ ክር ተነሳ። "ሚስማር ከያዘው መሮም ይይዘዋል። ማብራቱ በኋላ ይመጣል" አለ። ከዚያ መዳፌን አስዘረጋኝና ያንን ረጅም መሮ አስቀመጠበት፤ ከመዳፌ አልፎ ወጣ። እሱን ትቶ ስባሪ ሞረድ አነሳና መሮ እንዲሆነኝ በመሳያው ሳለልኝ፤ እያሳጠረ፣ እያስያዘኝ፣ እንደገና እያሳጠረ።

"የጋሽ ሳህሌ እንዲህ አይደለም" አልኩ።

"የእሳቸው እጅ ያንቺን ያህላል?"

አጭሯን መሮና ነሐሱን ይዤ ወጣሁ።

ሐሙስንና አርብን ስቀርጽ ዋልኩ። ያቺ አጭር መሮ እሺ አለችኝ። ነሐሱን በሎሚና በአመድ ሳሸው ወርቅ መሰለ፤ ምን ዋጋ አለው፣ "እናመሰግናለን" የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ ተጣቦብኛል። አርብ ከሰዓት ጋሽ ሳህሌ ከአገራቸው ከተፍ አሉ። ሰሌዳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ሰሌዳውን።

"በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው። እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይሄድም" አሉ።

ቅዳሜ በጤና ጣቢያው ግቢ ዳቦና ለስላሳ ቀርቦ ነበር። ሲስተር አስካለ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ በጣታቸውም ፊደሉን ተከትለው የተጣበበው ቃል ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። "ማነው የሠራው?" ሲሉ ነርሷ ወደፊት ገፋችኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የወይዘሮ ብርቄ።"

የተጠቀለለ ጣቴን ያዙ። "አወቅኩሽ! እጅሽን አስቀድመሽ የመጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እንዴት አስጨንቀሽኝ ነበር! ለካስ ለሥራ ቸኩለሽ ኖሯል!"

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ አለቀስኩ፤ በዚህኛው ለቅሶ አላፍርም። ቤት ደርሼ ለእናቴ ስነግራት ግን ሳቀች። "እጁን ያስቀደመውማ ወንድምሽ ነው! አንቺ እንደ ማንኛውም ሰው ራስሽን አስቀድመሽ ነው የመጣሽው" አለችኝ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ሚስማር ሲመታ ጣቱን እንጂ ሚስማሩን አያገኝም።

እኔ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ቀረጽኩ። ሰው አንዳንዴ በስህተት የተሰጠውን ምርቃት ይዞ ዕድሜውን ይኖራል መሰለኝ። ሰኞ ዕለት ያ ወጣት ሰሌዳዬን እየጠቀለለ ጠርዙን ስዳብስ አየኝና፣ "ማዘር፣ ሥራውን ያውቁታል እንዴ?" አለኝ።

"እጄን አስቀድሜ ነው የተወለድኩት" አልኩት።

እናቴን ነፍሷን ይማረው፤ የወለደችኝ እሷ ናት፣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ ነገር ግን እስከ ዛሬ የማምነው ሲስተር አስካለን ነው።