አደባባዩ ላይ የቆመው አማች

በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ላስታውቅ። አንዱ እኔ ነኝ፤ አሮጌ ፒክአፕ እየነዳሁ ልጆች ያሳደግሁ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ የዚያን ቀን ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ሦስተኛው የመጀመሪያ ልጄን ለማግባት የጠየቀ ወጣት፣ የባጃጅ ነጂ። አራተኛው ከአቦቦ በኩል ሩዝ ጭኖ የሚመጣ የአይሱዙ ሹፌር፤ የደጋ ሰው ነው፣ ምላሱ ፈጣን፣ ልቡ ደግ። አምስተኛዋ የትራፊክ ፖሊሷ። ልጄ እዚያ አልነበረችም፤ ነገሩ ሁሉ ግን ስለ እሷ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያነበብኩት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መጽሐፉን ነበር። ሁለቱንም በእርሳስ እያሰመርኩ፣ ያልገባኝን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው እየጠየቅሁ ጨረስኩ። ለዚህ ይሆናል የመንገድ ሕግ ሲጣስ ሳይ እንደ ኃጢአት የምቆጥረው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጋምቤላ ውስጥ አስፋልቱ ከልማዳችን ቀድሞ ደረሰ። ባጃጁ በዛ፣ አደባባይ ተሠራ፤ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ ግን ሁሉም የየራሱን ያወራል። አንዱ በቀኝ የመጣ ይቀድማል ይላል፤ ለተራ መስቀለኛ መንገድ የተጻፈውን አደባባይ ላይ አምጥቶ። ሌላው ትልቁ መኪና ይቀድማል ይላል። ሌላው ደግሞ ቀድሞ ክላክስ የነፋ። ቅድሚያ ስጥ የሚለው ምልክት ቆሟል፤ ፍየሎች ይታከኩበታል።

ወጣቱ ከአጎቶቹ ጋር ቤቴ የመጣው በበጋ ነው። አጎቶቹ የማታር ሰዎች ናቸው፣ ከብቶቹም እዚያ። ለጥሎሽ ስላሰቡት ከብት ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። ልጁን ከጥቂት ቀናት በፊት ተሳፋሪ ላለማጣት አደባባዩን በተቃራኒ ሲዞር አይቼዋለሁና፣ "ሕግ የማያከብር ሰው ሚስቱንም አያከብርም" አልኩ። አጎቶቹ ተቀየሙ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ "ያስተምሩኝ" አለ።

በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ እየመጣ ተማረ። ሳህን ደፍቼ አደባባይ አደረግሁ፤ የማንጎ ፍሬ መኪና ሆነ።

"ወደ አደባባዩ የሚገባ?"

"ይቆማል፣ አባባ።"

"ውስጥ ያለው?"

"ያልፋል።"

"ይቆማል ወይ?"

"አይቆምም።"

በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለቤቴ ከጓዳ አትወጣም ነበር። በእኛ ዘንድ አማችና አማት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እሷ እያየችው አይበላም፣ በፊቷም አቋርጦ አያልፍም። ከበሩ ኋላ ሆና ታዳምጣለች፤ እኔ ሳበዛው ትስላለች። ብዙ ሳለች።

በመጨረሻ ለልጁ ቃል ሰጠሁት። "ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በአነዳድህ ክስ ካልሰማሁ አጎቶችህን እጠራለሁ። ከሰማሁ ልጄን እርሳት።" ልጄም ይህን ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባጃጅ በደጃችን ባለፈ ቁጥር የያዘችውን ሥራ ታቆም ነበር።

ክረምቱ ሊገባደድ ሲል፣ በገበያ ቀን፣ ባለቤቴን ይዤ ወደ አደባባዩ ደረስኩ። በግራዬ አንድ ባጃጅ እየዞረ ይመጣል። ሕጉ እንደሚለው ቆምኩ። ባጃጁ አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ እሱም ቆመ። ልጁ ነው። ከጎኔ ማን እንደተቀመጠች አይቶ ፊቱን ወደ መሪው ደፋ።

"እለፍ!" አልኩት በመስኮት።

"እናንተ እለፉ፣ አባባ!"

"ቅድሚያው ያንተ ነው! ሳህኑን ረሳኸው?"

"አልረሳሁም!"

ባለቤቴ ክንዴን ነካችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሂድ በቃ። ልጁ በፊቴ አያልፍም።"

"ሕጉ ሂድ አይለኝም።"

"ሕጉ እኔን ያውቀኛል?"

እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሣሁም። እውነቱን ልናገር፦ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ማለፍ እችል ነበር። ግን ያስተማርኩትን በራሴ እጅ ላፈርስ አልወደድኩም። እሱ ለክብር ቆመ፣ እኔ ለሕግ ቆምኩ፤ ሁለታችንም መንገድ ዘጋን።

አይሱዙው ከኋላው ገባ። ሹፌሩ የሚዞር ባጃጅ ይዞራል ብሎ አመነ። ፍሬን ያዘ፣ ጭነቱ ግን ገፋው። የባጃጁ ኋላ ተጨራመተ፣ የአይሱዙው መብራት ረገፈ። ተሳፋሪ አልነበረም፤ ልጁም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ያን ያህል የሸሸው ደረሰበት፤ አይሱዙው ገፍቶ ባጃጁን ልክ በባለቤቴ ፊት ለፊት አቆመው። እሷም ሻሿን ከግንባሯ ስባ እስከ አገጯ አወረደችው።

ከአይሱዙው ላይ አንድ ጆንያ ወድቆ ፈነዳ። ሹፌሩ ዘሎ ወረደ። "ኧረ ወንድሜ! አደባባይ መሃል ቆሞ ጸሎት አለ እንዴ?"

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ዳኛ ሆነ።

"በቀኝ ያሉት አባባ ናቸው፤ እሳቸው ነበሩ ማለፍ ያለባቸው!"

"ዝም በል፣ አደባባይ ላይ ቀኝ የለም!"

"ትልቁ ነው ጥፋተኛ!"

"ፍየሎቹን ተዋቸው፤ ቅድሚያ የእነሱ ነው፤ ሩዙ ላይ ቀድመው ደርሰዋል!"

ትራፊክ ፖሊሷ ሰዉን ከፍላ መጣች። "ለምን ቆምክ?" አለችው ልጁን። "ሕጉን አታውቅም?"

ወደ እኔ አየ። አላውቅም ቢል ልጄን ያጣል። አውቃለሁ ቢል እያወቀ አጥፍቷል፤ ክሱም ይጸናበታል፤ እኔም ክስ ካልሰማሁ ብያለሁ። የትኛውን እንደሚመርጥ ጠበቅሁ።

"አውቃለሁ" አለ። "ውስጥ ያለ ያልፋል። በደንብ አስተምረውኛል።"

"ታዲያስ?"

ስለ አማት በአማት ፊት አይወራም። ፖሊሷ ግን የአገሩ ልጅ ናት፤ ወደ ፒክአፔ ውስጥ አየች፤ የተሸፈነውን ፊት አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች።

"አማት ናቸው?"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሹፌሩ ነገሩን ሲያስረዱት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እኔ እኮ ከአማቴ ለማምለጥ ነው ሹፌር የሆንኩት! ይሄ ደግሞ ለአማቱ ብሎ ይገጫል!"

ፖሊሷ አልሳቀችም። "ባህሉ ባህላችን ነው። ነገ ግን በዚህ ምክንያት ሰው ይሞታል።" ልጁን አደባባይ ውስጥ በመቆሙ፣ ሹፌሩን ርቀት ባለመጠበቁ ቀጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ፣ አባባ?"

"ሕጉን ጠበቅሁ።"

"ጠበቁ። ሰው እለፉ ሲልዎ ማለፍ ግን ነውር ነው?"

ያሰመርኩበት መጽሐፍ ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ያን ጊዜ ከሻሹ ሥር የባለቤቴ ድምፅ ተሰማ። "ፊቴን ሸፍኛለሁ። ያላየሁት ሰው በፊቴ አላለፈም። ይለፍ።"

ልጁ ያን ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። የተጨራመተ ባጃጁን አስነሥቶ፣ አንገቱን እንደደፋ በፊታችን አለፈ። ሰዉ አጨበጨበ።

ብዙ አሰብኩ። ሕግ የማያከብር ሚስቱን አያከብርም ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ከሚያጣው ነገር ሁሉ በፊት የሚስቱን እናት አከበረ፤ ተጠይቆም አልዋሸም። ይህ ማለት ግን መቆሙ ልክ ነበር ማለት አይደለም። ክብር ዐይኑን ጨፍኖ መንገድ ላይ ከቆመ ሰው ያስገጫል። ሕግም አንገቱን ካላዞረ እንዲሁ። ለልጆቼ ይህን እነግራለሁ፤ ሁለተኛውን ስናገር ድምፄ ዝቅ ይላል።

በሚቀጥለው እሑድ መጣና ከበሩ ውጭ ቆመ። ሊሰናበተኝ ነበር የመጣው።

"አጎቶችህን ጥራ" አልኩት።

"ክስ ሰምተዋል፣ አባባ። ክረምቱም አላለቀም።"

"እለፍ ስትባል እለፍ!"

ከጓዳ ሳል ሳይሆን ሳቅ ተሰማ፤ የሁለት ሴቶች ሳቅ።

ዛሬ ባለቤቴ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ሻሿን ታወርዳለች። ሌሎች እናቶችም ሲያደርጉት አይቻለሁ። የባጃጅ ልጆች "ሻሽ ወረደ፣ እለፍ!" ይባባላሉ፤ ያልፋሉም። ቀኝ ይቀድማል የሚሉት ቀንሰዋል። እኔም እለፍ ሲሉኝ አመስግኜ አልፋለሁ።

ሒሳቡን ከአጎቶቹና ከሹፌሩ ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጨረስን። ሦስት ቦታ ተካፈልነው፤ እኔም ሳልቀጣ ድርሻዬን ወሰድኩ፤ የልጁ ድርሻ ደግሞ ከጥሎሹ ላይ ይታሰብለት አልኩ። የባጃጁ ኋላ፣ የአይሱዙው መብራት፣ ፍየሎቹ የበሉት ሩዝና ቅጣቱ ተደምሮ ሁላችንን ያስወጣን አሥራ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው።